ከተማው ሁሉ ያያት ሙሽራ

አጎቴ ራግቪር ታሩላታን አግብቶ ወደ ሜግሳር ሲያመጣት፣ በከተማችን ፊቷን የማያውቅ ሰው ቢፈለግ ከአያቴ በቀር የሚገኝ አይመስለኝም ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ከመስታወቱ በላይ ሰቅሏታል፤ ልብስ ሰፊው ከቀን መቁጠሪያ ላይ ቆርጦ ግድግዳው ላይ ለጥፏታል፤ ክብሪት ስንገዛ ሳይቀር ቀፎው ላይ ሆና ፈገግ ትልብናለች። አንዱ ግመል ነጂማ ግመሉን በእሷ ስም ይጠራ ነበር፤ የሠርጉን ወሬ ሲሰማ ደንግጦ ስሙን ቀየረው አሉ። የፊልም ኮከብ የንጉሥ ቤት ምራት ስትሆን እንዲህ ያለ ጣጣ አለው።

እኔ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነው። ትንሽ ስለነበርኩና አፌ ስለማያርፍ ቤተሰቡ ሁሉ «ድንቢጥ» ይለኝ ነበር። አባቴ የሟቹ ንጉሥ የበኩር ልጅ ነው፤ አጎቴ ራግቪር ደግሞ ታናሹ። ቤተ መንግሥት ስል ግን ብዙ አትጠብቁ። ግዛታችን ከቀረው ሕንድ ጋር ከተቀላቀለ ቆይቷል፤ የቀረን ስምና ጣሪያ ነው፤ ጣሪያውም ዝናብ ከስንት አንዴ ሲመጣ ያፈሳል። ከክፍሎቹ ግማሹን ርግቦች ይዘውታል። የዝሆኖቹን በረት አባቴ ናትማል ለሚባል ነጋዴ አከራይቶታል፤ ናትማል ነጭ ሸራ ሰቀለበትና ሲኒማ ቤት አደረገው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለሴቶች ብቻ ያሳያል። ዝሆኖቹ ከሄዱ ስንት ዘመናቸው፣ ሽታቸው ግን እዚያው ነበር።

ሙሽራዋ በመጣችበት ቀን የአጎቴን መኪና የከተማው በር ላይ አሸዋ ዋጣት። አራት ሰው ቢገፋት አልወጣ አለች፤ በመጨረሻ ግመል አምጥተው ጎተቷት። የቦምቤይዋ ኮከብ በግመል በሚጎተት መኪና ውስጥ ተቀምጣ፣ ከተማው በሙሉ ግራና ቀኝ እየሮጠላት ገባች።

«ታሩላታ! እንዲያው በሞቴ አንዴ ግለጪልን!» ይላል አንዱ።

«አታፍርም? የሰው ሚስት ናት እኮ!» ይለዋል ሌላው፣ እሱም አንገቱን እንደ ሰጎን እያሰገገ።

እኔ የሴቶቹ ግቢ በር ላይ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ቆሜያለሁ። ከመኪናው የወረደችው ግን የክብሪት ቀፎዋ ታሩላታ አልነበረችም፤ የምትራመድ ቀይ ጨርቅ ነበረች። በወርቅ ክር የተጠለፈ ወፍራም መሸፈኛ ከራሷ እስከ ወገቧ ወርዶባታል። ያየሁት ሂና የተቀባ እግሯንና የጣቷን ቀለበት ብቻ ነው። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ሙሽራን በር ላይ ተቀብሎ ማስገባት የአማት ወግ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ወደ ደረጃው አንጋጠን አያቴን ጠበቅን። የወረደችው ግን እማማ ጃምና ናት፤ አባቴንም አጎቴንም ያሳደገች፣ የአያቴን ምስጢር ሁሉ ይዛ የምትዞር አሮጊት። «እሜቴ ራሳቸውን አሟቸዋል፤ ግቡ ብለዋል» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። የአጎቴ ፊት ሲለዋወጥ አየሁት። እናቴ ቶሎ ብላ ለአቀባበል የተዘጋጀውን የመብራት ሰሃን በሙሽራዋ ራስ ዙሪያ አዞረችና እጇን ይዛ አስገባቻት።

«እማማ ጃምና፣ ፊቷን መቼ ነው የምናየው?»

«አያትሽ ሲያዩት።»

«እሳቸውስ መቼ ነው የሚያዩት?»

«ድንቢጥ፣ ወተትሽን ጠጪ።»

በኛ ዘንድ የሙሽራ ፊት በባዶ እጅ አይታይም። መጀመሪያ አማት ስጦታዋን ይዛ ትመጣለች፤ መሸፈኛውን በገዛ እጇ ገልጣ ታያለች፤ ከዚያ የቤቱ ሴቶች በየተራ ስጦታቸውን እያኖሩ ያያሉ። ገጽ ማያ ነው የሚባለው። አማቷ ያላየቻት ሙሽራ ከቤቱ ሴቶች ጋር ገበታ አትቀርብም፤ ምድጃ አትነካም፤ ከሴቶቹ ጋር ስትሆን መሸፈኛዋን አታነሳም። እንግዳ ናት፣ በቃ። «ሾልኮ በባዶ እጁ ያየ ደግሞ» አለችኝ እማማ ጃምና፣ ጣቷን ወደ ዓይኔ ቀስራ፣ «ዓይኑ ቲማቲም መስሎ፣ በዓይናር ተጣብቆ ነው የሚነጋለት!» ይህን ያለችኝ በቁልፍ ቀዳዳ እንዳላይ ለማስፈራራት ብቻ ነው። እኔ ግን እንደ ትምህርት ያዝኩት።

ቀናቱ አለፉ፤ የአያቴ ራስ ምታት ግን አላለፈም። ሊጠይቃቸው ለሚመጣ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው። «አንድ ሩፒ የከፈለ ሁሉ ያየውን ፊት እኔ ደግሞ በሐብል ልየው?» ይላሉ። ሐብሉን ሁሉም ያውቀዋል፤ ማለቴ ሁሉም ስለ እሱ ሰምቷል። ለመጀመሪያ ምራት የወርቅ አምባሮቹ፣ ለሁለተኛ ምራት ባለ ብዙ ድርብ የዕንቁ ሐብሉ፤ የቤታችን ሥርዓት ይህ ነው። አምባሮቹ በእናቴ እጅ ላይ ናቸው። ሐብሉ አያቴ አልጋ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ደግሞ አይከፈትም። እኔ ይህንን ሁሉ ደምሬ ቀንሼ አንድ ነገር ላይ ደረስኩ፤ አያቴ ሐብሉን ሰስተዋል። ራሴም ስስታም ስለነበርኩ በሚገባ ተረዳኋቸው። ከረሜላዬን ማንም እንዳይጠይቀኝ እኔም ራሴን ያመኝ ነበር።

አንድ ቀን አጎቴና አባቴ ሰገነቱ ላይ ሲነጋገሩ ከሥራቸው ሆኜ ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁ።

«እስከ ጋንጋውር እጠብቃለሁ» አለ አጎቴ። ጋንጋውር ያገቡ ሴቶች ለትዳራቸው የሚጸልዩበት በዓል ነው። የቤታችን ምራቶች የአምላካቸውን የጋውሪን ምስል በራሳቸው ላይ ተሸክመው እስከ ሐይቁ ይሄዳሉ፤ አዲስ ሙሽራ በመጀመሪያው ጋንጋውሯ ካልተሸከመች መቼም የቤቱ ሰው አልሆነችም። «እስከዚያ እማዬ ካላዩዋት ይዣት ቦምቤይ እመለሳለሁ። ከተመለስኩ ደግሞ አትጠብቁኝ።»

«ተው እንጂ ራግቪር። እማዬን ታውቃቸዋለህ፤ ይበርዱ ይሆናል።»

«እኔስ እሺ። እሷ ምን አደረገች? እዚህ ከመጣች ጀምሮ ብቻዋን ነው የምትበላው። እንዲህ ያለ ነገር ለጠላትህ ታደርጋለህ?»

እኔ ደነገጥኩ። ታሩላታ ፊቷን ሳላየው ልትሄድ ነው ማለት ነው።

በማግስቱ ሁለት እጄን ዓይኔ ላይ ጭኜ ወደ ክፍሏ ሄድኩ። በሩን በግንባሬ ነው ያገኘሁት።

«ማን ነው?» አለ ድምፅ።

«እኔ ነኝ፣ ድንቢጥ። እንዳትገልጪው! ምንም አልያዝኩም።»

«ተሸፍኛለሁ፤ እጅሽን አንሺው። ግንባርሽን ሰበርሽው እኮ!»

በጣቶቼ መሐል ሰርቄ አየሁ። እውነትም ተሸፍናለች። በር በተንኳኳ ቁጥር ስትጎትተው የመሸፈኛው ጠርዝ ተተልትሏል። ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ካርታ ደርድራለች።

«ከማን ጋር ነው የምትጫወቺው?»

«ከራሴ ጋር። እየተሸነፍኩ ነው።»

«ወጥ ቤቶቹ ወንዝ ወስዶሽ ሞተሻል ብለዋል።»

«እ፣ እሱ አንዱ ነው። በየፊልሙ ነው የምሞተው። አንዴ በወንዝ፣ አንዴ በሳምባ፣ አንዴ ደግሞ ዝሆን ረግጦኝ።»

«ያማል?»

«ዝሆኑ ትንሽ። ጭራውን ዓይኔ ውስጥ ጨመረብኝ።» ሳቀች፤ ጨርቁ እየተንቀጠቀጠ። ከዚያ ካርታዋን መሰብሰብ ጀመረችና ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ሙሽራም ሆኜ አውቃለሁ፣ በፊልም። አማቴ ቀስ ብላ ትመጣለች፤ መሸፈኛዬን ልትገልጥ እጇን ስትዘረጋ ‹በቃ፣ መብራት!› ይላል የፊልሙ አዘጋጅ። አማቴ ሲጋራዋን ታወጣለች። እኔም የሰው ልብስ አውልቄ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። እቤት ማንም የለም፤ እናቴ ሕፃን ሆኜ ነው የሞተችው። እና ራግቪር ለጋብቻ ሲጠይቀኝ፣ አንዴ እንኳ የእውነት አማት ትገልጠኛለች ብዬ ነው መጀመሪያ ያሰብኩት። ሞኝ ነኝ አይደል?»

«አዎ» አልኳት። አያቴን ስለማውቃቸው ነው።

«አያትሽ ምን ይወዳሉ?»

«ጣፋጭ። ግን ጥርስ የላቸውም።»

እንዲህ ሆነን ተወዳጀን። በየቀኑ እየሄድኩ ካርታ እንጫወታለን፤ እሷ በጨርቁ ውስጥ አታይም፣ እኔ አላውቅም፤ ስለዚህ ሁለታችንም እናጭበረብራለን።

ሐሙስ ዕለት አያቴ አስጠሩኝ። እማማ ጃምና የራሷን አሮጌ መሸፈኛ አያቴ ላይ ታከናንባለች። «ድንቢጥ፣ ተነሺ» አሉኝ አያቴ። «የዝሆኖቹን በረት ጣሪያ አይተን እንምጣ። ያ ናትማል ሳያፈርሰው አልቀረም።» የንጉሥ ሚስት የጣሪያ ጉዳይ ይዘው፣ የሠራተኛ ልብስ ለብሰው፣ በጓሮ በር መውጣታቸው ትንሽም አላስገረመኝም። ትልልቅ ሰዎች ጣሪያን አክብደው እንደሚያዩ አውቃለሁ። እኔ ለምን እንዳስፈለግሁ የገባኝ ኋላ ነው፤ ልጅ የያዘችን ሴት ማንም ልብ ብሎ አያያትም።

በረቱ ውስጥ ጨለማ ነው፤ ሴቶች ሰሌን ላይ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። ኦቾሎኒ ይሰበራል፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ዝንቡ አይጣል ነው። ከጎናችን የተቀመጠች ሴት ያዘለችው ሕፃን ዓይኑን ባሸ ቁጥር እጁን በአያቴ መሸፈኛ ይጠርጋል። ሸራው በራ። አንዲት የገጠር ሙሽራ፣ አንዲት ክፉ አማት። አማቲቱ ውኃ ታስቀዳታለች፣ እንጨት ታስለቅማታለች፣ ፍርፋሪ ትሰጣታለች።

«ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት አረመኔ ናት?» አሉ አያቴ፣ ጮክ ብለው።

«ዝም በይ አንቺ ሴትዮ፣ እንስማበት!» አለቻቸው አንዷ ከኋላ። በሕይወት ዘመናቸው አያቴን ዝም በይ ያላቸው ሰው ሰምቼ አላውቅም። እሳቸውም ከመደንገጣቸው የተነሳ ዝም አሉ።

ከዚያ የሙሽራዋ ፊት ግድግዳውን ሞላው። የግመል ያህል ዓይኖች! እኔ በመጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን የእማማ ጃምና ቃል ትዝ አለኝ። ፊቷ ነው እኮ! በባዶ እጃችን ነው የምናየው! ቶሎ ብዬ ዓይኔን በሁለት እጄ ሸፈንኩ፤ የቀረውን ፊልም የሰማሁት እንጂ ያየሁት አይደለም። ውኃ ሲያስገመግም ሰማሁ። ክፉዋ አማት ከወንዙ ማዶ ስትጮህ ሰማሁ። ከዚያ ከጎኔ አንድ ሰው ዘሎ ተነሣ።

«አትግቢ! ልጄ፣ አትግቢ! ውኃው ሞልቷል!»

አያቴ ነበሩ።

«ቁጭ በይ፣ ከለልሽን!» አለ በረቱ ሁሉ።

ቁጭ አሉ። ሙሽራዋ ገባች፣ ወንዙም ወሰዳት። አያቴ በመሸፈኛቸው ውስጥ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቁ፣ ዓይናቸውን በዚያው ጨርቅ እያበሱ፣ ክንዴን እስኪያመኝ ጨበጡኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጓሮው በር ላይ አቆሙኝ። «የት ነበርን?»

«ጣሪያ ስናይ።»

«ጣሪያው እንዴት ነው?»

«ታሩላታ ስትገባ እኮ...»

«ጣሪያው!»

«ደህና ነው።»

እማማ ጃምና ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔ ሕክምና ስማር፣ ያ ሐሙስ የመጀመሪያቸው እንዳልነበር ነገረችኝ። አጎቴ ታሩላታን ላግባ ብሎ ከጻፈ ጀምሮ ነው መሄድ የጀመሩት። «መጀመሪያ ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች ላጣራ ብለው ነው» አለችኝ። «ኋላ ግን እኔ ነኝ ‹ዛሬስ ይቅርብን› የምላቸው። የወንዙን ፊልም በልባቸው አውቀውታል፤ እየሄዱ ግን አትግቢ ይሏት ነበር። አንድ ቀን ትሰማኛለች ብለው ነው መሰለኝ።»

እኔ ቃሌን ጠበቅሁ፤ ስለ አያቴ ለማንም አልተነፈስኩም። ስለ ሌላው ሰው ግን ዝም በይ ያለኝ አልነበረም። ለወተት አምጪዋ፣ ለልብስ ሰፊው ሚስት፣ ለፀጉር አስተካካዩ ልጆች ነገርኳቸው፦ የሙሽራዋን ፊት ሸራ ላይ ያያችሁ ሁሉ ገጽ ማያ አላመጣችሁም፤ ዓይናችሁ ቲማቲም ይሆናል። ሳቁብኝ። የልብስ ሰፊው ሚስት ጉንጬን ቆንጥጣ «ይቺ የንጉሥ ልጅ ቀረጥ ልትሰበስብ መጣች» አለች።

ሳምንት ሳይሞላ የዓይን በሽታ በከተማው ገባ። መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩ፤ ቀጥሎ የልብስ ሰፊው ቤት በሙሉ። ልብስ ሰፊው በጭላንጭል እየሰፋ እጅጌን በአንገት በኩል ገጠመ ተባለ። ግመሉን በታሩላታ ስም ይጠራ የነበረው ሰውዬማ ሁለቱም ዓይኑ ተጣብቆ ግመሉ ነው የመራው። ዛሬ ሙያዬ ዓይን ነው። በበልግ መባቻ ዝንብ ሲፈላ፣ በጠበበ ቤት ውስጥ አንድ ዓይኑን ያመመው ሕፃን ከተቀመጠ፣ ከተማ ለማሳመም ይበቃል። በቆሸሸ እጅ ዓይንን መሸፈንም ይበልጥ ያሳምማል እንጂ አያድንም፤ እኔ እንዴት እንደተረፍኩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያኔ ግን ገብቶኝ ነበር፤ ሜግሳርም ገባው።

አሁን የሚስቅ ጠፋ። በሚቀጥለው ጠዋት የቤተ መንግሥቱ በር ላይ የልብስ ሰፊው ሚስት አንድ ዓይኗን በእጇ ይዛ፣ ኮኮናትና የብርጭቆ አምባሮች አቅፋ ቆመች። «ለሙሽራዋ ገጽ ማያ ነው። ሳናውቅ አይተናታል፤ ይቅር ትበለን።» ከኋላዋ ሰው ተሰለፈ። ጥቁር ስኳር ያመጣ፣ ባለ ጥልፍ ጫማ ያመጣ፣ የፍየል ግልገል የሚጎትት። ናትማል ሚስቱ እጁን ይዛ እየመራችው መጣ፤ የሐር ሳሪና የጣፋጭ ትሪ አስይዟል።

«እኔ በቀን ሦስቴ ነው የማያት!» እያለ ያለቅሳል። «ሌላው አንዴ ያያል፤ እኔ ማሽኑን የማዞር ሰውዬ ምን ልሁን? የእኔ ዓይን ጉዳይ አበቃለት!»

አጎቴ ግድግዳ ተደግፎ እስኪያለቅስ ሳቀ። ታሩላታ ግን ከክፍሏ ሆና ለእያንዳንዱ ሰው መልእክት ላከች፤ ስጦታችሁን ተቀብያለሁ፣ ውኃ አፍሉና ጨው ጨምራችሁ ሲበርድ ዓይናችሁን እጠቡበት፣ ጨርቅ አትዋዋሱ። ፊልም ሲሠሩ ይህ ነገር ሁሉንም ይይዛቸው ስለነበር ታውቀዋለች። ታጠቡ፣ ዳኑ። ከዚያ በኋላማ ገጽ ማያው እንደሚያድን ያልተቀበለ ሰው አልነበረም። ከተማው በሙሉ ሙሽራዋን እንደ ደንቡ ስጦታ ሰጥቶ አየ፤ አያቴ ብቻ ቀሩ።

የጋንጋውር ዋዜማ ደረሰ። የታሩላታ ሻንጣዎች ግቢው መሐል ተደርድረው በገመድ ይታሰራሉ። እናቴ በሻርፏ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ታሩላታ በቀይ ጨርቋ ውስጥ ሆና ዓምዱን ተደግፋለች፤ እጇን ያዝኩት፣ ቀዝቅዟል። አያቴ ከክፍላቸው ከወጡ ቀናት አልፈዋል፤ በሩን ዘግተው ነበር የሰነበቱት። አጎቴ ሊሰናበታቸው ነው ሲባል ጊዜ ወረዱ፤ መሸፈኛቸውን እስከ አገጫቸው ጎትተው።

አጎቴ ጎንበስ ብሎ እግራቸውን ነካ። ሊመርቁት መሸፈኛቸውን ከፍ አደረጉ።

«እሜቴ! ዓይንዎ!» አለች እናቴ።

ቲማቲም ነበር። ሁለቱም።

«አቧራ ነው» አሉ አያቴ።

ሁሉም የዓይኑን ነገር ያውቃል፤ ማንም ግን ደፍሮ ሊናገር አልቻለም። እኔ ደግሞ አያቴ ዓይናቸው ሊጠፋ ነው ብዬ አስባለሁ። ቃሌ አለ፤ ዓይናቸውም አለ። ሁለቱንም ማዳን ነበረብኝ።

«አቧራ አይደለም! ጣሪያውን ስላዩ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«የምን ጣሪያ?» አለ አጎቴ።

«የዝሆኖቹን በረት! ሐሙስ ዕለት! ግን ጣሪያውን ብቻ ነው ያዩት። ታሩላታ ወንዝ ስትገባ ‹ልጄ አትግቢ› ብለው ሲጮኹ እንኳ ጣሪያውን እያዩ ነው!»

እማማ ጃምና አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ ሳቁ ግን በአፍንጫዋ ወጣ። ከቀዩ ጨርቅ ውስጥ ድምፅ መጣ።

«የወንዙን ፊልም አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ» አሉ አያቴ። አሁን መደበቂያ የለም።

«ወደዱት?»

«ምኑን ነው የምወደው? ለዚያች አረመኔ ብለሽ ወንዝ ትገቢያለሽ? ምን ዓይነት ምራት ነች ሲጮኹባት የማትሰማ? ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ነው የጮህኩብሽ!»

«እግዚኦ፣ እማዬ...» አለ አጎቴ።

«ውጣ አንተ! ሁላችሁም ውጡ!»

ሁሉም ወጣ። እኔ ልወጣ ብል ቀሚሴን ጨብጠው ስለያዙኝ ቀረሁ፤ የያዙኝም አይመስለኝም፣ የሚደገፉት ነገር ፈልገው ነው። እማማ ጃምናን ሳጥኑን አምጪ አሏት። በመጨረሻ ሐብሉን ላየው ነው! አያቴ ቁልፉን ከወገባቸው ፈቱና ክዳኑን አነሡት። ውስጡ የወየበ ከፋይ ጨርቅ ነው። ዕንቁዎቹ የተኙበት ምልክት አለ። ዕንቁ ግን የለም።

«የራግቪር አባት ሲሞቱ እሱ ልጅ ነበር» አሉ አያቴ። «ቦምቤይ ሄጄ ልማር አለኝ። የምልክበት አልነበረኝም። ሐብሉን ሸጬ ላክሁት። ልጆቼ አያውቁም፤ ከጃምና በቀር የሚያውቅ የለም። እና አንቺ መጣሽ። በባዶ እጄ ልግለጥሽ? የንጉሥ ሚስት ነኝ፤ ማጣቴ እንዳይታይ ብዬ አንቺን ሰደብኩ። ከተማው በሙሉ፣ ያ ፍየል የጎተተው ድሀ እንኳ፣ የሚሰጥሽ ነገር አገኘ። እኔ ብቻ አጣሁ።»

እኔ ስስት ያልኩት እፍረት ነበር። ያን ቀን ግን አልገባኝም፤ ሐብል የለም መባሉ ብቻ ነው የገባኝና በጣም አዘንኩ።

ታሩላታ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አለች። ከዚያ «ሐብሉን ሽጠው ነው ቦምቤይ የላኩት?» አለች።

«አዎ።»

«ቦምቤይ ባይመጣ እኔን የት ያገኘኝ ነበር?»

አያቴ ቀና ብለው አዩዋት።

«እንግዲያማ ሐብሉ ደርሶኛል እኮ፣ እናቴ» አለች ታሩላታ። «ያንኮራፋል እንጂ ሌላ እንከን አላገኘሁበትም።»

አያቴ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ጥርስ በሌለው አፋቸው፣ ሆዳቸውን ይዘው፣ የሳጥኑ ክዳን ላይ እስኪደገፉ ሳቁ። «አባቱም እንደዚያው ነበር!» አሉ። «ግድግዳው ነበር የሚንቀጠቀጠው!» እማማ ጃምናም «እኔ ምሥክር ነኝ!» አለች። እኔ ሐብሉ አጎቴ ጋ ነው ማለታቸው መስሎኝ፣ ለብዙ ቀን አጎቴ ሲቀመጥ ከኋላው እየሄድኩ የሸሚዙን አንገት እየከፈትኩ አይ ነበር።

ሳቁ ሲበርድ አያቴ ወደ ታሩላታ ተጠጉ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «በቃ፣ መብራት» የሚል ሰው አልነበረም። የመሸፈኛውን የተተለተለ ጠርዝ ያዙና ቀስ ብለው ወደ ላይ አነሡት።

የክብሪት ቀፎዋ ሴት አልነበረችም። ይቺ ከስታለች፤ ከቅንድቧ በላይ ማንም ያልሳላት ጠባሳ አለባት፤ ብቻዋን ስትበላ የሰነበተች ሴት ፊት ነው። ዓይኖቿ ደም መስለዋል፣ ውኃ እንደ ጅረት ይወርድባቸዋል። አያቴ በቀሉት ዓይኖቻቸው እየተመለከቷት ጉንጯን በመዳፋቸው ያዙ። የእሳቸውም እንደዚያው ይፈሳል። እኔ ክው አልኩ።

«አያቴ፣ እሷንም ያዛት!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በይ አንቺ» አሉኝ አያቴ፣ ዓይናቸውን ከፊቷ ላይ ሳይነቅሉ። «ጃምና፣ ሂጂና ሻንጣዎቹን አስፈቺ። ገበታም አቅርቢ፤ ከልጄ ጋር ነው የምበላው።»